ሞተሩ የሚጠፋው መቼ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም በሥራ ላይ ያሉት ካርቡራተር ያላቸው አሮጌ ቶዮታ ኮሮላዎች፣ በተለምዶ ዲኤክስ የሚባሉት፣ አንድ የታወቀ ችግር አለባቸው። መብራት ላይ ሲቆሙ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቂት ቆይቶም ይጠፋል። ጋራዥ ሲገቡ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ዕቃ በመቀየር ነው፤ መጀመሪያ ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ፣ ቀጥሎ የብልጭታውን ሰዓት የሚወስነው ፑንቲና፣ በመጨረሻ ካርቡራተሩ ራሱ። ሆኖም ስለ ብልሽቱ ብዙ የሚናገረው ሞተሩ የሚጠፋበት ሁኔታ ነው።

የቤንዚን ሞተር እንዲሠራ ልኩን የጠበቀ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ፣ በሰዓቱ የሚደርስ የእሳት ብልጭታ፣ እንዲሁም ድብልቁን አምቆ የሚይዝ ሲሊንደር ያስፈልጉታል። 1 ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ይህን ልክ የሚመጥነው ካርቡራተሩ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በካርቡራተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱም ይቀንሳል፤ በዚህ የተነሳ ቤንዚን በተመጠነች ቀዳዳ በኩል ተስቦ ይወጣል።

ሚኒሞ የሚባለው እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ተነሥቶ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት ነው፤ በደቂቃ 750 ዙር አካባቢ። በዚህ ጊዜ የአየር መግቢያው ሊዘጋ ጥቂት ስለሚቀረው ቤንዚኑ የሚመጣው በዋናው ቀዳዳ ሳይሆን እጅግ ቀጭን በሆነ ሌላ መስመር ነው። ከነዳጅ ታንክ የመጣ የዝገት ቅንጣት ይህን መስመር ከደፈነው ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ይጠፋል፤ ነዳጅ ሲረገጥ ግን ደህና ይሠራል።

ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳይ ሌላ ምክንያትም አለ። ከካርቡራተሩ በታች ያሉ የጎማ ቱቦዎችና ጓርኒሲዮኑ (በሁለት ብረቶች መካከል የሚገባው ማሸጊያ) በዕድሜ ብዛት ደርቀው ይሰነጠቃሉ። በስንጥቁ የሚገባው አየር በካርቡራተሩ ስላላለፈ ቤንዚን አልተመጠነለትም፤ ድብልቁም ይሳሳል። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ስለሆነ የስንጥቁ ድርሻ ይጎላል፤ ፍጥነት ሲጨምር ይዋጣል። ሞተሩ እየሠራ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ጥቂት ውሃ ሲረጭ (የእሳት ገመዶቹን ሳይነካ) ድምፁ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው። ብዙ ጋራዦች ግን የሚኒሞውን ቡሎን አጥብቀው ፍጥነቱን ከፍ በማድረግ ይሸኛሉ። ይህ ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ብልሽቱን አያነሳም፤ ቤንዚንም ያባክናል።

የአዲስ አበባ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ካርቡራተሩ ግን በስስ አየርም ቢሆን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ለቆላ የተመጠነ ካርቡራተር ደጋ ላይ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላው ሲፈታ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ይገኛል፤ ጥላሸቱ ብልጭታውን ያዳክማል፤ ሞተሩም ያንገጫግጫል። በተቃራኒው፣ እዚህ ተስተካክሎ ወደ ድሬዳዋ የወረደ መኪና ድብልቁ ይሳሳበታል።

አከራካሪው ጉዳይ ሞተሩ ሲግል ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ያለ ምንም ጥገና የሚነሣበት ነው። ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንደኛው ቤንዚን በቱቦው ውስጥ ፈልቶ ወደ ትነት መለወጡ ነው፤ ፖምፓው ትነትን መግፋት ስለማይችል ካርቡራተሩ ይደርቃል። ግፊት ባነሰበት ፈሳሽ ቶሎ ስለሚፈላ ከፍታው ይህንንም ያባብሳል። ሁለተኛው ቦቢና ነው፤ የባትሪውን 12 ቮልት ካንዴላው ወደሚፈልገው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያሳድገው ጥቅል ሽቦ። የውስጥ መከላከያው ያረጀ ቦቢና ሲግል ይከሽፋል፣ ሲቀዘቅዝ ያገግማል።

እነዚህን ሁለቱን መለየት የሚቻለው ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ብቻ ነው። የአየር ፊልትሮውን አንሥቶ፣ ሞተሩ ሳይዞር የነዳጅ መስጫውን ገመድ በእጅ መጎተትና ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ መመልከት ይበቃል። ቤንዚን በቀጭኑ ከተረጨ ነዳጅ አለ፤ ምርመራው ወደ ቦቢናና ፑንቲና ይሄዳል። ካልተረጨ ችግሩ ከነዳጁ መስመር ነው። መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ እስኪደርስ ግን ይቀዘቅዛል፣ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የባለቤቱ ምስክርነት ከመካኒኩ መሣሪያ ያላነሰ ዋጋ አለው።

በሁሉም ሁኔታ፣ ቀዝቅዞም ግሎም የሚያንገጫግጭ ሞተር ግን መጀመሪያ ላይ ከተዘረዘሩት ሦስት ፍላጎቶች ወደ መጨረሻው፣ ወደ ሲሊንደሩ እምቅታ ያመለክታል። ይህ በግፊት መለኪያ ይታያል። እዚህ ላይ የአምራቹ መጽሐፍ ያሳስታል፤ 12 ባር የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ሞተር 9 ገደማ ሊያሳይ ይችላል፣ የሚያምቀው አየር ከመነሻው ስስ ነውና። ስለዚህ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማወዳደር ይሻላል። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ከወረደ የተቃጠለ ቫልቭ ወይም ያለቀ የፒስተን ቀለበት ይጠረጠራል፤ ያን ጊዜ ካርቡራተር መቀየር ምንም አይፈይድም።