የሉል ይዘትና የዲያሜትሩ ስህተት

የአንድን ብርቱካን ይዘት እንድታሰሉ ብትጠየቁ፣ በመማሪያ መጽሐፍ የሰፈረው ቀመር ሬዲየስን ይፈልጋል። ሬዲየስ ግን ከመሀል ነጥብ የሚነሣ ርቀት ነው፤ ብርቱካኑ ሳይቆረጥ ደግሞ መሀሉ ላይ መድረስ አይቻልም። ካሊፐር የሚነግረን ዲያሜትሩን ነው። ስለዚህ ቀመሩን በዲያሜትር መጻፉ ይበጃል፦

የሉል ይዘት = ፓይ × ዲያሜትር³ ÷ 6

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በሲራኩስ የኖረው አርኪሜደስ፣ ሉል ልክ በሚገጥመው ሲሊንደር ውስጥ ቢገባ ይዘቱ የሲሊንደሩ ሁለት ሦስተኛ እንደሚሆን አረጋገጠ። የሲሊንደሩ ቁመትም ሆነ የመሠረቱ ዲያሜትር ከሉሉ ዲያሜትር ጋር እኩል ስለሆነ ይዘቱ ፓይ × ዲያሜትር³ ÷ 4 ነው፤ የዚህ ሁለት ሦስተኛ ከላይ ያለውን ቀመር ይሰጣል።

በፈተና ላይ የተለመደው ስህተት ዲያሜትርን በሬዲየስ ቦታ መተካት ነው፤ መልሱ 8 እጥፍ ይሆናል። ይህስ ግዙፍ ስለሆነ ቶሎ ይታወቃል፤ የሚያታልለው ትንሹ ስህተት ነው። ዲያሜትሩ ወደ ሦስተኛ ኃይል ስለሚነሣ፣ በልኬቱ ላይ የተፈጸመ የ1 በመቶ ስህተት በይዘቱ ላይ 3 በመቶ ያህል ሆኖ ይወጣል። ዲያሜትሩ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርቱካን ይዘቱ 180 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን፣ የ8 ሴንቲ ሜትሩ ግን 268 ይደርሳል። በ1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ግማሽ ያህል ብልጫ! ብርቱካን በፍሬ ቆጥሮ የሚገዛ ሰው ቢያስበው አይከፋም።

ይኸው ጠባይ የኪሎ ግራምን ትርጉም ለመለወጥ የተሰለፉትን ሳይንቲስቶችም ፈትኗል። እስከ 2019 እ.ኤ.አ. ድረስ ኪሎ ግራም ማለት በፓሪስ አቅራቢያ የሚጠበቅ የፕላቲኒየምና የኢሪዲየም ሲሊንደር ነበር። በእርሱ ፈንታ የማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥርን ለመተካት ከተሄደባቸው መንገዶች አንዱ፣ 1 ኪሎ ግራም በሚመዝን የሲሊከን 28 ሉል ውስጥ ያሉትን አቶሞች መቁጠር ነው። በክሪስታል ውስጥ አቶሞች በሥርዓት ስለሚደረደሩ፣ ቁጥራቸው ከሉሉ ይዘት ይገኛል፤ ይዘቱ ደግሞ ከዲያሜትሩ። ፍጹም ሉል የሚባል ነገር ስለሌለ፣ በጀርመን ብራውንሽቫይግ ከተማ የሚገኘው የልኬት ተቋም 93.7 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነውን ዲያሜትር በሌዘር ብርሃን በብዙ አቅጣጫ ለካው።

እዚህ ላይ የ1 ናኖ ሜትር ስህተት ሦስት እጥፍ ሆኖ ሲመነዘር 32 ማይክሮ ግራም ያህል ይሆናል። ከሙከራዎቹ ቢያንስ የአንዱ የስህተት ገደብ ግን በ1 ኪሎ ግራም ላይ ከ20 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ተጠይቆ ነበር። ስለዚህ ልኬቱ ጥቂት አቶሞች ጎን ለጎን ተደርድረው ከሚይዙት ርዝመት በታች መጥራት ነበረበት፤ በሉሉ ገጽ ላይ የሚፈጠረው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን እንኳ ለብቻው ተለክቶ ወደ ስሌቱ ገባ።