ላባዋን የምታረግፍ ዶሮ

በከተማ በጓሮው ጥቂት ዶሮዎች የሚያረባ ሰው ብዙ ነው። ከእነዚህም አንዲቱ እንቁላል መጣልዋን ትታ፥ አንገትዋ ተራቁቶ፥ ጅራትዋ ተመልጦ ባያት ጊዜ፥ ባለቤትዋ «ወይ ታመመች፥ ወይ መከነች» ብሎ ለመጪው በዓል ወጥ ያጫታል። አንባቢዎች ሆይ፥ ቢላዋውን ከማንሣታችሁ በፊት ጥቂት ታገሡ፤ ብዙ ጊዜ ዶሮዪቱ ልብስ በመለወጥ ላይ ናት እንጂ በሽታ የላትም።

ላባ አድጎ ካለቀ በኋላ እንደ ጠጉራችንና እንደ ጥፍራችን ሕይወት የሌለው ነገር ነው። ቁስል ይድናል፤ የተሰበረ ላባ ግን አይጠገንም። ስለዚህ ከሥሩ አዲስ ይበቅልና አሮጌውን ገፍቶ ይጥለዋል። አዲሱ ላባ በቡቃያነቱ በቀጭን ሰገባ ተጠቅልሎ ደም የሚመላለስበት ስለሆነ፥ ቢሰበር ይደማል። ዶሮዪቱ በዚያ ሰሞን እጅ እንዳይነካት የምትሸሸው ያለ ምክንያት አይደለም።

እባብ ይህን ሥራ ባንድ ጊዜ ይፈጽመዋል፤ ዐይኑ ለጥቂት ቀን ደፍርሶ ይሰነብትና ከከንፈሩ ጀምሮ ቆዳውን እንደ ካልሲ ገልብጦ ይወጣል። ዶሮ ግን በተራ ናት፤ ከራስና ከአንገት ተነሥታ ወደ ደረት፥ ከዚያም ወደ ክንፍና ወደ ጅራት ትሄዳለች።

እንቁላሉ ስለምን ይቋረጣል? ላባ ከ10 እጅ 9ኙ ያህል ፕሮቲን ነው፤ እንቁላልም ይህንኑ ይሻል። በጀት የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ገቢው ለሁለቱም ወጪ ስለማይበቃ አንደኛው ይታጠፋል። ዋናው ምልክት የቀን ማጠር ነው። በሰሜን አገሮች ከ1 ዓመት በላይ የሆናቸው ዶሮዎች በበልጋቸው ማለት ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ላባቸውን ይለውጣሉ። በአዲስ አበባ የሰኔ ረጅሙ ቀን ከታኅሣሥ አጭሩ ቀን የሚበልጠው በ1 ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ፥ ወራቱ እንዲህ የተቈረጠ አይደለም፤ ረኃብ፥ የውሃ ጥም ወይም ድንጋጤም ሊያመጣው ይችላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። በክንፍዋ ጫፍ በኩል ካሉት 10 ትልልቅ ላባዎች አንዱ እንደገና እስኪያድግ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። እንቁላል የማይበረክትላት ዶሮ ቀድማ ትጀምርና አንዳንድ እያለች ትጥላለች፤ መልክዋም እምብዛም አይበላሽም። ጐበዚቱ ግን ዘግይታ ትጀምራለች፥ ሁለት ሦስቱንም ባንድነት ትጥላለች። እንግዲህ ከመንጋው ሁሉ ይልቅ የተጐሳቈለችውና ለቢላዋ የታጨችው ምናልባት ምርጧ ልትሆን ትችላለች።

ሕመም መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ላባዋን ገለጥ አድርጋችሁ ተመልከቱ። እንደ እሾኽ ጫፍ የሾሉ ቡቃያዎች ከታዩ፥ ዐይንዋም ንቁ ከሆነና ከበላች፥ ሥጋት የለም። ቡቃያ ከሌለ፥ ቆዳዋም ቀልቶ ቅማል ከታየበት፥ ነገሩ ሌላ ነውና የእንስሳት ሐኪም ይመልከታት። ላባ ለምትለውጠው ግን እህል ብቻ አይበቃትም፤ የኑግ ፋጉሎ፥ ትልና የሥጋ ፍርፋሪ ይጨመርላት፤ ከብርድና ከዝናም ትጠበቅ። ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ የገረጣው የራስዋ ሥጋ እንደገና ይቀላል፥ መጣልም ትጀምራለች። የእንቁላሉ ቍጥር ከመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ያንሳል፤ እንቁላሉ ግን ተለቅ ይላል።