በሬ ሩዝ ማሳ ሲገባ ካሳ የሚከፍለው ማን ነው?

ፎገራ በሁለት ሀብቶቹ ይታወቃል፤ በሩዙና ስሙን በያዘው የከብት ዝርያ። ሁለቱ በአንድ ሜዳ ጎን ለጎን ሲኖሩ በሬ ያሸተ ሩዝ ውስጥ የሚገባበት ቀን አይጠፋም። ባለማሳው ካሳ ይጠይቃል፤ ባለከብቱ ደግሞ «ገመዱን በጥሶ ሄደ እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ?» ይላል።

በዩኒቨርሲቲ ሕግ ማጥናት የጀመረ የወረታ ልጅ የዚህን ክርክር መልስ የሚያገኘው «ከውል ውጭ የሚደርስ ኃላፊነት» በተሰኘው ትምህርት ነው። የትምህርቱ መሠረት በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ ውል ሳይኖራቸው አንዱ ሌላውን ሲጎዳ ማን እንደሚክስ ይወስናል። የወንጀል ክስ አጥፊውን ለመቅጣት ሲቀርብ፣ የዚህኛው ዓላማ የተጎዳውን መካስ ነው።

ጀማሪ ተማሪ በቅድሚያ ጥፋተኛውን መፈለጉ አይቀርም። አንቀጽ 2027 ግን ኃላፊነት ከራስ ጥፋት ብቻ ሳይሆን ያለጥፋትም፣ በሌላ ሰው ድርጊትም ሊመጣ እንደሚችል ይደነግጋል። የእንስሳት ጉዳይ ያለጥፋት ከሚያስጠይቁት አንዱ ነው። በአንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታሰብ ቢሆንም ባለቤቱ ይጠየቃል። «ገመዱን በጥሶ ሄደ» የሚለው መከራከሪያ እዚህ ላይ ይወድቃል። ድንጋጌው ለባለከብቱ የከበደ ይመስላል፤ ሆኖም በበሬው የሚጠቀመው እሱ ሆኖ ሳለ ኪሳራውን ምንም ያላደረገው ጎረቤት ቢሸከም ይብስ ነበር። በሬ ተውሶ የሚያርስ ሰውም በእጁ ሳለ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል።

ለባለከብቱ የተተወ መውጫም አለ። እሱም ሆነ እሱ የሚጠየቅለት ሰው ጥፋት ካልፈጸመ፣ ጉዳት ያደረሰውን እንስሳ ለተጎጂው በማስረከብ ከዕዳው ነፃ መሆን ይችላል። ባለማሳው በበኩሉ በይዞታው ላይ ጉዳት የሚያደርስን ከብት ለካሳው መያዣ አድርጎ ማቆየት ይፈቀድለታል፤ ግን ለባለቤቱ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት።

ተመሳሳይ መርህ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው፣ ወረታን አቋርጦ በሚያልፈው መንገድ ላይም ይሠራል። በአንቀጽ 2081 መሠረት የባጃጅ ወይም የጭነት መኪና ባለቤት «የነዳሁት እኔ አይደለሁም» በማለት ብቻ ከካሳ አያመልጥም።

ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። ለሕሊና ጉዳት ግን አንቀጽ 2116 ከ1000 ብር በላይ አይፈቅድም፤ በ1952 ዓ.ም. ብዙ ከብት ይገዛ የነበረው ይህ ገንዘብ ዛሬ ትርጉሙ እጅግ አንሷል።

የጉዳቱን መጠን የማስረዳት ሸክም የከሳሹ ነው። ስለዚህ ማሳው ሳይታጨድ ጎረቤቶችና የቀበሌው ግብርና ባለሙያ ቢያዩት፣ የተበላው ስፋትም ቢለካ ይጠቅማል። ክሱ በመደበኛው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የሽምግልናው ቀጠሮ እየተራዘመ ይህ ጊዜ ካለፈ፣ ተከሳሹ ይርጋን መቃወሚያ አድርጎ ሊያነሣ ይችላል።