ግማሽ ኪሎ በኩንታል፦ የገዢው አገር መስፈርት ሲጠብቅ የሻጩ ከተማ ቆሻሻ የት ይገባል?

ሰሊጥ ወይም ማሾ ለገበያ አቅርቦ የሚያውቅ አርሶ አደር «ባዕድ ነገር» ማለት ምን እንደሆነ እንዲነገረው አይሻም። ከጆንያው ናሙና ይወሰዳል፤ ገለባው፣ አፈሩና ጠጠሩ ከፍሬው ተለይቶ ይመዘናል፤ የምርቱ ደረጃና ዋጋም በዚያች ሚዛን ላይ ይወሰናል። በግብርና ኮሌጅ ሳለን የዘር ንጽሕና ፍተሻ ስንማር ከጥቂት ግራም ዘር ውስጥ ባዕዱን በመቆንጠጫ ስንለቅም መዋላችን ያኔ አሰልቺ ሥራ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ግን ይኸው የባዕድ ነገር ጥያቄ በእህል ሳይሆን በቆሻሻ ላይ ተነሥቶ የታላላቅ የአሜሪካ ከተሞችን በጀት አናግቷል። የእኛም ከተሞች ፕላስቲክና ካርቶን መልሶ ለመጠቀም በሚጥሩበት በዚህ ወቅት፣ ያ ታሪክ እንዴት እንደሆነ ማወቁ ይጠቅማል።

ነገሩ የተጀመረው በባዶ ኮንቴይነር ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ቻይና ሸቀጧን በመርከብ ወደ አሜሪካ ስትልክ፣ ኮንቴይነሮቹ ሲመለሱ የሚጭኑት እምብዛም አልነበራቸውም። ባዶ ከሚመለሱ በርካሽ ዋጋ አሮጌ ካርቶን፣ ወረቀትና ፕላስቲክ መጫን አዋጭ ሆነ። የቻይና ፋብሪካዎችም ጥሬ ዕቃ ይፈልጉ ነበርና ገበያው ደራ። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ አንድ ሳይንሳዊ ጥናት መሠረት፣ ከ1992 ወዲህ አገሮች ወደ ሌላ አገር ከላኩት የፕላስቲክ ቆሻሻ 45 በመቶውን የተቀበለችው ቻይና ብቻዋን ናት፤ ሆንግ ኮንግ ስትጨመር ድርሻው ወደ 72 በመቶ ያድጋል። የብዙ አገር ከተሞች ቆሻሻ በአንድ ገዢ እጅ ላይ ወድቆ ነበር ማለት ነው።

በዚሁ ዘመን የአሜሪካ ከተሞች ነዋሪው ቆሻሻውን የሚለይበትን መንገድ አቀለሉት። ቀድሞ ወረቀቱ፣ ጠርሙሱና ቆርቆሮው ለየብቻ ይወጣ የነበረው ቀርቶ፣ ሁሉም በአንድ ትልቅ ባልዲ እንዲወጣ ተደረገ። የሚሳተፈው ሰው በዛ፤ የመኪናው ምልልስና የጉልበቱ ወጪም ቀነሰ። ነገር ግን የተሰበረው ጠርሙስ ከወረቀቱ ተደባለቀ፤ የምግብ ፍርፋሪና ቅባት ካርቶኑን አራሰው፤ ሰዉም «ይህ ሳይጠቅም አይቀርም» እያለ የውሃ ጎማውን፣ የሕፃን ዳይፐሩን ሳይቀር ከባልዲው ይጨምር ጀመር። ታላላቆቹ የቆሻሻ ድርጅቶች በባልዲው ከሚገባው ውስጥ ሩብ ያህሉ የማይሆን ነገር እንደነበር ይናገራሉ። በኛ ቋንቋ፣ በኩንታሉ 25 ኪሎ ባዕድ ነገር መሆኑ ነው። መለያ ጣቢያዎች ከዚህ ብዙውን ቢያወጡም የቀረውን የሚለቅመው በቻይና ያለ ርካሽ የሰው እጅ ነበር። የማይረባው በዚያው በየመንደሩ ይቃጠላል፤ ወይም ወንዝ ዳር ይጣላል።

ቻይና ይህን ለመግታት አስቀድማ ምልክት ሰጥታለች። በ2013 በወደቦቿ ላይ ፍተሻ አጥብቃ ብዙ ጭነት መልሳለች። ሰሚ ግን አልተገኘም። በሐምሌ 2017 ለዓለም ንግድ ድርጅት በላከችው ማስታወቂያ፣ ያልተለየ ወረቀትንና ከየቤቱ የሚሰበሰብ ፕላስቲክን ጨምሮ 24 ዓይነት ቆሻሻ ከዓመቱ መጨረሻ በኋላ እንደማትቀበል ገለጸች፤ እገዳውም በጥር 2018 ሥራ ላይ ዋለ። እንዲገባ በተፈቀደው፣ ለምሳሌ በካርቶን ላይ ደግሞ፣ የባዕድ ነገር መጠን ከ0.5 በመቶ እንዳይበልጥ ከመጋቢት 2018 ጀምሮ ደነገገች። ይኸውም በኩንታል ግማሽ ኪሎ ነው። ለውጭ ገበያ ሰሊጥ የሚያበጥር ሰው ይህ ምን ያህል ጠባብ ወንፊት እንደሆነ ይረዳዋል፤ ያውም በእህል ሳይሆን በተጨማለቀ ካርቶን ላይ።

መለያ ጣቢያዎቹ ማሽናቸውን አዘገዩ፤ ለቃሚ ሠራተኛ ጨመሩ። ወጪው ሲያድግ ዋጋው ወረደ፤ ያልተለየ ወረቀት ከሞላ ጎደል ዋጋ አጣ። እዚህ ላይ የውሉን አሠራር መረዳት ያስፈልጋል። ከተማው የሰበሰበውን ለድርጅት ያስረክባል፤ ድርጅቱ ለይቶ ይሸጣል፤ ትርፍ ሲኖር ለከተማው ያካፍላል። የሽያጩ ገቢ ከመለያው ወጪ ሲያንስ ግን ሂሳቡ ተገልብጦ ከተማው ከፋይ ይሆናል። በኮነቲከት ግዛት የምትገኘው ስታምፎርድ በ2017 ከዚህ ሥራ 95 ሺህ ዶላር አግኝታ ነበር፤ በ2018 ግን 700 ሺህ ዶላር ከፈለች።

ትናንሽ ከተሞች የባሰ ደረሰባቸው። ከወደብ የራቁ ናቸው፤ የሚያቀርቡት መጠንም ትንሽ ስለሆነ ከገዢ ጋር የመደራደር አቅም የላቸውም። በኒው ሃምፕሸር የምትገኘው ፍራንክሊን 8 ሺህ ያህል ነዋሪ ያላት፣ ብዙ ድኃ ያለባት ከተማ ናት። በ2010 የሰበሰበችውን በቶን 6 ዶላር ትሸጥ ነበር። ከቻይና እገዳ በኋላ ግን መልሶ ጥቅም ላይ ለማዋል በቶን 125 ዶላር፣ ለማቃጠል 68 ዶላር ክፈይ ተባለች። የከተማዋ ሹማምንት ይህን በነዋሪው ግብር ላይ ለመጨመር አልደፈሩም፤ ነዋሪው ለይቶ ያወጣው ሁሉ ወደ እሳት ሄደ። ፊላዴልፊያ በ2019 መጀመሪያ ከሰበሰበችው ግማሽ ያህሉን በአቅራቢያዋ በቼስተር ከተማ ወደሚገኝ ማቃጠያ ላከች፤ ጭሱን የሚተነፍሱት ደግሞ የቼስተር ሰዎች ናቸው። የፍሎሪዳዋ ዴልቶና ከየቤቱ መሰብሰቡን አቆመች። በሜምፊስ አውሮፕላን ማረፊያ የመለያ ባልዲዎቹ አልተነሡም፤ መንገደኛው የለመደውን ልማድ እንዳይተው በሚል እንደ ቆሙ ቀሩ፤ በውስጣቸው የሚጣለው ግን በቀጥታ ወደ ቆሻሻ መጣያ ይሄድ ነበር። እኔን ከሁሉም ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ሕዝብ የለየው ነገር ተመልሶ እንደሚደባለቅ ካወቀ ሁለተኛ እንዲለይ ማግባባት ቀላል አይሆንም።

ቻይና በሯን ስትዘጋ ጭነቱ ወደ ማሌዥያ፣ ወደ ታይላንድና ወደ ቬትናም ዞረ። እነርሱም ብዙ አልታገሡም። በግንቦት 2019 ማሌዥያ 3 ሺህ ቶን ያህል የፕላስቲክ ቆሻሻ ወደ መጣበት እንደምትመልስ አስታወቀች፤ በዚያው ወር ፊሊፒንስ 69 ኮንቴይነር ወደ ካናዳ መለሰች። ታይላንድም ከጥር 2025 ጀምሮ የፕላስቲክ ቆሻሻ እንዳይገባ ከልክላለች። የአደገኛ ቆሻሻን ዝውውር የሚመራው የባዝል ስምምነት በ2019 ተሻሽሎ፣ ከ2021 ጀምሮ የተደባለቀና የቆሸሸ ፕላስቲክ ያለ ተቀባዩ አገር ቅድመ ፈቃድ ድንበር እንዳይሻገር ደንግጓል። ተለይቶ የጸዳ፣ መልሶ ለመጠቀም የተዘጋጀ ፕላስቲክ ግን ይህ ግዴታ የለበትም።

በዚያ ቀውስ ውስጥ ሁሉም አልወደቀም። እ.ኤ.አ. በ1971 ኦሪገን፣ ቀጥሎም ሌሎች የአሜሪካ ግዛቶች፣ ለጠርሙስ መያዣ ገንዘብ እንዲከፈልና ጠርሙሱ ሲመለስ ገንዘቡም እንዲመለስ ሕግ አውጥተዋል፤ አሠራሩ በእኛ አገር የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ መያዣ እንደሚባለው ዓይነት ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣ ጠርሙስ ከሌላ ቆሻሻ ስለማይደባለቅ ገዢ አላጣም። ሜይንና ኦሪገን በ2021 ባወጧቸው ሕጎች ደግሞ የማሸጊያው ቆሻሻ ወጪ በከተማው ላይ ብቻ እንዳይወድቅ፣ ማሸጊያውን የሚጠቀሙ አምራቾች እንዲጋሩት አደረጉ። የሚያስገርመው፣ አሮጌ ወረቀት ወደ አገሩ ማስገባት የተከለከለበት አንድ ታላቅ የቻይና ወረቀት አምራች በ2018 በሜይንና በዊስኮንሲን ፋብሪካዎችን ገዛ። ወረቀቱ ወደ ቻይና መሄድ ቢያቅተው ቻይናዊው ወደ ወረቀቱ መጣ።

አሁን ወደ እኛው ሰፈር እንመለስ። «ቆራሌው!» እያለ በየበሩ የሚዞረው ሰው በአሜሪካው ባልዲ ውስጥ የጎደለውን ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራ ነው። ብረቱን ከብረት፣ ጠርሙሱን ከጠርሙስ፣ በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለውን የውሃ ፕላስቲክ ከሌላው ለይቶ የሚገዛው ገና ከቤቱ ደጃፍ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ የፕላስቲክ ፍጭ የባዝልን መስፈርት የሚያሟላውም በዚህ ልየታ ነው። ሁሉንም በአንድ መኪና ጭኖ ኋላ እለየዋለሁ የሚል አሠራር ዘመናዊ ቢመስልም፣ ቆራሌውን ገፍቶ የስታምፎርድን ዕዳ እንዳያመጣ የከተማ አስተዳደሮች ሊያስቡበት ይገባል። በ2025 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ስስ የፕላስቲክ ከረጢትን መከልከሉም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ያ ከረጢት ሲደባለቅ ሌላውን ያረክሳል እንጂ ራሱ እምብዛም ገዢ የለውም።

አርሶ አደሩን የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ-ተባይ ቅሪት አግኝታ ግዢው እጅግ ሲቀንስ፣ ጣቱ በኋላ የተቀሰረው በቡናው ተክል ላይ ሳይሆን በጆንያው ላይ ነበር። ያው ነገር በፕላስቲክም ላይ ሊደርስ ይችላል። ቱ-ፎር-ዲ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ከዘይት ጀሪካን ጋር ለቆራሌ ከተሸጠ፣ የተፈጨው ሁሉ ይበከላል፤ የከፋው ደግሞ ጀሪካኑ ታጥቦ ለውሃ መቅጃ ሊሸጥ መቻሉ ነው። የግብርና ባለሙያዎች የሚመክሩት መንገድ ግልጽ ነው፦ ኬሚካሉ እንዳለቀ እቃውን በንጹህ ውሃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ፣ ያለቀለቁበትንም ውሃ ወደ መርጫው ገልብጦ በዚያው ማሳ ላይ መርጨት፣ ቀጥሎ ማንም እንዳይቀዳበት ሥሩን መብሳትና ከቤት ዕቃ ለይቶ ማስቀመጥ። ለቆራሌም አይሰጥም። የት እንደሚወገድ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል።