ምግባርን በሕግ ማስከበር ይቻላልን?

«የሕዝቡ ምግባር እየላላ ስለ ሄደ፥ መንግሥት የክርስትናን ሥርዓት በሕግ ቢያስከብር መልካም ነበር» የሚል ቃል በየማኅበሩና በየገበታው ዙሪያ አልፎ አልፎ እንሰማለን። አሳቡ ብዙ ጊዜ ከቅን ልቡና የሚመነጭ ነውና በንቀት ልናልፈው አይገባንም። ነገር ግን ከመፍረዳችን በፊት ወደ ምዕራቡ ጠረፍ፥ ወደ መተማና ወደ ገዳሪፍ እንመልከት። በዚያ ወሰን ግራና ቀኝ ነገሩ በተለያየ ዘመን ተሞክሯልና።

አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳን ጉባኤ ካደረጉ በኋላ፥ የወሎ የእስልምና ተከታዮች እንዲጠመቁ አዘዙ። ትምባሆ የሚያጨስ ከንፈሩ፥ ሱረት የሚስብ አፍንጫው እንዲቈረጥ መታዘዙም በታሪክ ተጽፎ ይገኛል። የንጉሠ ነገሥቱ ምኞት በአንድ ሃይማኖት የጸና አንድ አገር ነበረ። ከመኳንንቱ አንዳንዶቹ፥ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉትም ጭምር፥ ተጠመቁ። ሌሎች ግን ሸፈቱ፤ ሌሎችም ተሰደዱ፤ በቀን ክርስቲያን፥ በሌሊት እስላም ሆነው የኖሩም ብዙዎች ናቸው።

ንጉሠ ነገሥቱ ከደርቡሽ ጋር ተዋግተው በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በመተማ ወደቁ። የሱዳኑ ማህዲም በበኩሉ ትምባሆን በጥብቅ ከልክሎ ነበር። እንግዲህ በመተማ የተጋጠሙት ሁለቱ መንግሥታት ትምባሆን በመከልከል አንድ ነበሩ። ይሁን እንጂ ትምባሆ ከሁለቱም አገር አልጠፋም።

አሁን ድልድዩን ተሻግረን በጋላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ እንዝለቅ። ይህ የሰሊጥና የማሽላ አገር ለብዙ ኢትዮጵያውያን የስደትም የሥራም ስፍራ ሆኖ ኖሯል። በ1976 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ፕሬዚደንት ኒሜሪ የሸሪዓን ቅጣት የአገሩ ሁሉ ሕግ አደረጉ። በዚህ ጊዜ ለዝክርና ለበዓል ጠላ መጥመቅን ከእናቷ የተማረች፥ በስደትም አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት በድንገት ወንጀለኛ ሆነች። ጋኗ ይሰበራል፤ እርሷም ለግርፋት፥ ለእስራትና ለመቀጫ ትዳረጋለች። እናት ስትታሰር ልጆቿን ማን ይሰበስባቸዋል?

ሕጉን የተቃወሙ ክርስቲያኖች ብቻ አልነበሩም። የእስልምና ሊቅ የነበሩት ሽማግሌው ማህሙድ መሐመድ ጣሃ ሕጉ ይሻር በማለታቸው በጥር ወር 1977 ዓ.ም. በስቅላት ተቀጡ። የእስልምና ተከታይ ያልሆኑ ሰዎች መጠጥ እንዲጠጡ የፈቀደው ማሻሻያ የወጣው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «የእኛ ሕግ የክርስትና ስለሚሆን እንዲህ አያስጨንቅም» ይል ይሆናል። ይህ ግን «በሰው ቁስል እንጨት ስደድ» እንደሚባለው ነው። በገዳሪፍ ለእኅታችን ያልወደድነውን፥ በአገራችን በጎረቤታችን ላይ ልንፈቅደው አይገባንም።

ይህ ማለት ሕግና ምግባር አይተዋወቁም ማለት አይደለም። ጥንታዊው ፍትሐ ነገሥት እንኳ መንፈሳዊውን ክፍል በ22 አንቀጽ፥ ሥጋዊውን ደግሞ ከ23 እስከ 51 ባለው አንቀጽ ለይቶ ያቀርባል። የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ቢያደርጋትም፥ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለያይቷል። ዝሙትን በተመለከተም፥ የወንጀል ሕጋችን የሚቀጣው ተበዳዩ ባል ወይም ተበዳይዋ ሚስት ሲከሱ ነው። የቤተሰብ ሕጉም ልጃገረድ 18 ዓመት ሳይሞላት እንዳትዳር ይከለክላል። በሁለቱም ስፍራ ሕጉ የሚመለከተው የተበደለውን ሰው ነው።

ድንበሩ ይህ ይመስለናል፦ ሰው ሰውን ሲበድል ዳኛ ይግባ፤ ሰው ከአምላኩ ጋር ባለው ነገር ግን መምህርና ወላጅ ይድከሙ። ጾምን የሚቈጣጠር ፖሊስ ቢቆም ሥጋ ቤቱ ይዘጋ ይሆናል፤ ጾሙ ግን ጾም አይሆንም። ስለዚህ ምግባር እንዲጸና የምንመኝ ሁሉ፥ አዋጅን ከመጠበቅ ይልቅ በየቤታችን በልጆቻችን ፊት የምንሠራውን እንመርምር። በፍርሃት የተያዘ ምግባር፥ የሚያስፈራው ዘወር ሲል አብሮ ይሄዳልና።