የታሪካዊ ፊልም ሒስ አጻጻፍ

አንድ ፊልም ተመልክታችሁ ስትወጡ «ደስ አላለኝም» ብትሉ ስሜታችሁን ገለጣችሁ እንጂ ሒስ አልሰጣችሁም። ሒስ የሚባለው ደስ ያላሰኘው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ስለምንም ደስ እንዳላሰኘ በማስረጃ ተደግፎ ሲቀርብ ነው። ፊልሙ ያለፈ ዘመንን አሳያለሁ የሚል ሲሆን ደግሞ ሐያሲው ፊልሙን ከታሪኩ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።

ለአብነት እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን «ዘ ኖርስማን» የተባለ የአሜሪካ ፊልም እንውሰድ። ጽፎ ያዘጋጀው ቻርልስ ቢ. ፒርስ ነው፤ ዋናው ተዋናይ ሊ ሜጀርስም በዚያ ጊዜ በቴሌቪዥን ዝናው የገነነ ሰው ነበር። ቶርቫልድ የተባለ ቫይኪንግ በ11ኛው መቶ ዓመት ወደ አሜሪካ የሄደ አባቱን ፍለጋ ባሕር ይሻገራል። ቫይኪንጎች ከስካንዲኔቪያ አገሮች እየተነሡ የሚነግዱና የሚወሩ ባሕርተኞች እንደ ነበሩ ታስታውሳላችሁ።

እንዲህ ያለ ቶርቫልድ አለመኖሩን ጠቅሶ ፊልሙን መንቀፍ ተገቢ አይደለም። ልብ ወለድን ልብ ወለድ በመሆኑ መክሰስ ይሆናልና። ባለታሪኩን መፍጠር የደራሲ መብት ነው፤ ባለታሪኩ የሚኖርበትን ዘመን መፍጠር ግን አይደለም። ፊልሙ የሚያሳዝነውም በዚህ በኩል ነው።

በመጀመሪያ የራስ ቁሩን ተመልከቱ። በፊልሙ ውስጥ ቀንድ ያለው የራስ ቁር የደፉ ተዋጊዎች ይታያሉ። ይህ ቀንድ ከቫይኪንጎች ዘመን የመጣ አይደለም። ካርል ኤሚል ዶፕለር የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1876 በባይሮይት ለታየው የቫግነር ኦፔራ ካሰናዳው ልብስ ጋር በሰፊው የታወቀ ነው። ቀንድ ያላቸው ጥንታዊ የራስ ቁሮች በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1942 ተገኝተዋል፤ ነገር ግን እነርሱ የነሐስ ዘመን ሥራ በመሆናቸው ቫይኪንጎችን በ1,700 ዓመት ገደማ ይቀድማሉ። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው የቫይኪንጎች የራስ ቁር ክብ የብረት ቆብ ሲሆን፣ ዓይንና አፍንጫን የሚከልል ብረት እንጂ ቀንድ የለውም። እንዲያውም በሰይፍ ውጊያ ቀንድ ለባለቤቱ ሳይሆን ለጠላቱ ይጠቅማል፤ ሰይፉ ከቀንዱ ላይ ሲያርፍ ቁሩን ከራስ ላይ ይጥለዋልና።

የቦታው ስሕተት ከዚህ ይብሳል። ፊልሙ የተነሣው በሞቃቷ ፍሎሪዳ ነው። የኖርዌይ ተወላጆች የሆኑት ሄልገ ኢንግስታድና ባለቤቱ አነ ስቲነ ግን እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1968 በካናዳ፣ በኒውፋውንድላንድ ጫፍ ላንስ ኦ ሜዶውዝ በተባለ ስፍራ ቁፋሮ አካሂደው፣ የቫይኪንጎችን የሣርና የአፈር ቤቶች እንዲሁም ብረት የሠሩበትን ቦታ አግኝተዋል። ስፍራው ከፍሎሪዳ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ነፋሻና ብርዳም ነው። በዚያ የተገኘ እንጨት እ.ኤ.አ. በ1021 በብረት መሣሪያ እንደ ተቆረጠ በ2021 ታውቋል። ይህን ቀን አዘጋጁ ሊያውቅ አይችልም ነበር፤ ቦታውን ግን ማወቅ ይችል ነበር። ቁፋሮው ካበቃ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ደግሞስ ከዚያ ብርድና ከሣር ቤቶቹ የሚበልጥ ምን ትዕይንት ይፈለጋል?

ስትጽፉ «ፊልሙ ታሪክን አበላሽቷል» ብላችሁ አትለፉ። አንባቢ ይህን ዐረፍተ ነገር መቀበልም ሆነ መመርመር አይችልም። «ፊልሙ ተዋጊዎቹን በ19ኛው መቶ ዓመት የኦፔራ ቁር አስጊጧል» ብትሉ ግን ፍርዱም ማስረጃውም አብረው ቀርበዋል።

ምስጋናም እንዲሁ መለየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው «ዘ ቫይኪንግስ» መርከቦቹ በኖርዌይ ከመቃብር ጉብታ በ1880 ተቆፍሮ በወጣው የጎክስታድ መርከብ አምሳል የተሠሩ በመሆናቸው ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ የ9ኛው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ንጉሥ ምሽግ ሆኖ የሚታየው በፈረንሳይ የሚገኘው የላ ላት ግንብ ሲሆን፣ እርሱም የተሠራው በ14ኛው መቶ ዓመት ነው።