ስፋቱን አንባቢው ይዞት ይመጣል

ጋዜጣ የሚያዘጋጅ ሰው የወረቀቱን ስፋት አስቀድሞ ያውቃል፤ ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ግን አያውቅም። ያንኑ ገጽ አንዱ በቢሮ ሰፊ ስክሪን፣ ሌላው የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ በስልኩ ይከፍተዋል። ሌላዋ ደግሞ የብሮውዘሩን መስኮት አጥብባ፣ በቀረው ስክሪን ሌላ ሥራ እየሠራች ታነበዋለች።

መጀመሪያ ላይ ይህ ችግር አልነበረም። የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ በሴርን የምርምር ማዕከል ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ገጽ ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበር፤ መስኮቱ ሲጠብ መስመሩ አብሮ ይታጠፋል። ችግሩ የመጣው ዲዛይነሮች ስፋቱን በቁጥር መቸንከር ሲጀምሩ ነው። የኮምፒውተር ስክሪን ከ640 ወደ 800፣ ከዚያም ወደ 1024 ፒክሰል ሲሰፋ እነሱም ቁጥሩን አብረው ይቀይሩ ነበር። በኋላ 960 ፒክሰል እንደ ደንብ ተለመደ።

በ2007 አይፎን መጣ። እንዲህ ያሉት ገጾች እንዳይበላሹ ስልኩ 980 ፒክሰል ስፋት እንዳለው ሆኖ ገጹን ይዘረጋና አሳንሶ ያሳያል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 360 ፒክሰል ስፋት ባለው ስልክ ላይ 980ው ሲጨመቅ፣ 16 ፒክሰል የነበረው ፊደል ወደ 6 ይወርዳል። በዚህ መጠን «ቡ»ን ከ«ቢ» መለየት ዓይን ያደክማል። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ቅጥያ ስለሆነ፣ ማሳነስ ከላቲን ይልቅ እኛን ይጎዳናል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው መድኃኒት ገጹ ከሚጻፍበት ኮድ፣ ከኤችቲኤምኤሉ፣ አናት ላይ የሚጻፍ አንድ መስመር ነው። «ቪውፖርት» የሚባለው ይህ ታግ «የገጹ ስፋት የመሣሪያው ስፋት ይሁን» ብሎ ብሮውዘሩን ያዛል። እሱ ከሌለ ቀጥሎ የምነግራችሁ ስልክ ላይ እንደታሰበው አይሠራም።

የቀረውን በ2010 ኤታን ማርኮት «ኤ ሊስት አፓርት» በተባለው የኢንተርኔት መጽሔት ላይ አስቀመጠው፤ «ሪስፖንሲቭ ዌብ ዲዛይን» የሚለውን ስም የሰጠውም እሱ ነው። ዓምዶችን በፒክሰል ሳይሆን በመቶኛ ለኩ አለ። በ960 ውስጥ 240 ፒክሰል የያዘ ዓምድ 25 በመቶ ይሆናል፤ መስኮቱ ሲሰፋም ሲጠብም ድርሻውን ይዞ ይኖራል። ሥዕሎችም ከያዛቸው ሳጥን እንዳይወጡ ትልቁ ስፋታቸው 100 በመቶ ይሁን።

መቶኛ ብቻውን ግን አያዛልቅም። የ360 ፒክሰል 25 በመቶ 90 ፒክሰል ነው። «እንደሚያስፈልጋቸው» የሚለው ቃል አሥራ አንድ ፊደል አለው፤ በ16 ፒክሰል ከተጻፈ እዚያ ውስጥ አይገባም፣ ከዓምዱ ወጥቶ ጎረቤቱ ላይ ይወድቃል። እዚህ ላይ ነው «ሚዲያ ኩዌሪ» የሚያስፈልገው፦ መስኮቱ ከዚህ ስፋት በላይ ሲሆን ዓምዶቹን ጎን ለጎን አድርግ፣ ካልሆነ አንዱን ከሌላው በታች ደርድር የሚል የሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ትእዛዝ ነው።

ያ ስፋት ስንት ይሁን? ብዙ ጀማሪዎች የስልክና የታብሌት ሞዴሎችን ልክ ይፈልጋሉ። ይህ ማለቂያ የሌለው ሩጫ ነው፤ በየዓመቱ አዲስ ልክ ይመጣል። የብሮውዘራችሁን መስኮት በጠርዙ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አጥብቡት። መስመሩ ለንባብ ሲያጥር ወይም ቃል ከሳጥኑ ሲወጣ ቁሙ፤ ትእዛዙ የሚገባው እዚያ ነው። ጽሑፉን ግራና ቀኝ እኩል አስተካክላችሁ ከሆነ በጠባቡ ልክ ማስተካከሉን አስቀሩት፤ በረጃጅም የአማርኛ ቃላት መካከል ሰፋፊ ክፍተት ይፈጠራል።

ሥዕልን በሲኤስኤስ ማሳነስ የሚያሳንሰው የሚታየውን መጠን ብቻ ነው። 2000 ፒክሰል ስፋት ያለው ፎቶ በጠባብ ስልክም ላይ ሙሉውን ይወርዳል፣ የአንባቢውንም የሞባይል ዳታ ይበላል። ስለዚህ ያንኑ ፎቶ በተለያየ መጠን አዘጋጅታችሁ «ኤስአርሲሴት» በሚባለው መንገድ ዝርዝሩን ስጡ፤ የሚስማማውን ብሮውዘሩ ይመርጣል።

በመጨረሻም 1280 ፒክሰል ስፋት ባለው መስኮት ገጹን እስከ 400 በመቶ አጉሉት። የቀረው ስፋት 320 ፒክሰል ነው፤ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች የሚያነቡት እንዲህ ነው። ጽሑፉን ለመጨረስ ወደ ጎን መግፋት ካስፈለጋችሁ፣ በፒክሰል የተቸነከረ ስፋት አንድ ቦታ ቀርቷልና ፈልጋችሁ አውጡት።